ሰባት ሰዎችና አንድ ፈቃድ፦ የቨርጂኒያ የዜጎች ቦርዶች ሥልጣን ወዴት ሄደ?

በሰሜን ቨርጂኒያ በሉደን ካውንቲ በኩል የሚያልፍ ሰው መስኮት የሌላቸው ግዙፍ ሕንጻዎች ማየት ለምዷል። የኢንተርኔት መረጃ የሚያከማቹ ኮምፒውተሮች የሞሉባቸው ዳታ ሴንተሮች ናቸው። ከጎናቸው በረድፍ የቆሙት ኮንቴይነር የሚመስሉ ሳጥኖች ደግሞ ጄኔሬተሮች ናቸው። መብራት በጠፋ ቁጥር የጎረቤት ጄኔሬተር ሲያጓራ እየሰማ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። የሚለየው መጠኑ ነው። እዚህ አንዱ ብቻ ሁለት ወይም ሦስት ሜጋ ዋት ሊያመነጭ ይችላል፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ደግሞ ብዙ ሆነው ይደረደራሉ። አብዛኞቹ የሚሠሩት በናፍጣ ነው።

ናፍጣ ጭስ አለው። ጭሱ ደግሞ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው? ወሬው የሚምታታው እዚህ ላይ ነው። አንዱ “ቦርዱ ነው የሚወስነው፣ ተሰብስበን ሄደን እንናገር” ይላል። ሌላው “ቦርዱ እኮ ፈርሷል” ይላል። ሦስተኛው “የመረጥናቸው ሰዎች ናቸው፣ በሚቀጥለው ምርጫ እናያቸዋለን” ይላል። ሦስቱም የእውነቱን አንድ ጫፍ ይዘዋል። ሦስቱም ግን ተሳስተዋል።

የቨርጂኒያ የዜጎች ቦርዶች አልፈረሱም። አባሎቻቸውም በሕዝብ ድምፅ ተመርጠው አያውቁም። ከ2022 ሐምሌ 1 ጀምሮ ግን ፈቃድ የመስጠትና የመከልከል ሥልጣን የላቸውም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሥልጣኑ እንዴት እንደሄደ ማየት ቦርዶቹ ለምን እንደተፈጠሩም ያሳያል።

የትኛው ቦርድ?

ለእኛ ቦርድ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የመንግሥት ድርጅት የሥራ አመራር ቦርድ ነው። ሚኒስትሩ ሰብሳቢ፣ ሌሎች ባለሥልጣናት አባል። አለዚያም የባንክ ዳይሬክተሮች ቦርድ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮች በዚሁ ስም ይጠራሉ።

አንደኛው የካውንቲው ቦርድ ኦፍ ሱፐርቫይዘርስ ነው። ይህን ሕዝብ ይመርጠዋል። አንድ መሬት ለመኖሪያ ይዋል ወይስ ለዳታ ሴንተር የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ከሕንጻው ግቢ የሚወጣው ጭስ ስንት ቶን ይሁን የሚለው ግን የእሱ ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ነው። በግዛት ደረጃ የአየር ብክለት መቆጣጠሪያ ቦርድ፣ የውኃ መቆጣጠሪያ ቦርድና የቆሻሻ አያያዝ ቦርድ አሉ። የውኃው በ1946፣ የአየሩ በ1966 የተቋቋሙ ናቸው። ሁለቱም የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1970 ከመፈጠሩ በፊት ነበሩ። ዛሬ ባለሙያዎቹን የሚያስተዳድረው የግዛቱ የአካባቢ ጥራት መምሪያ ደግሞ ገና በ1993 የመጣ ነው። ስለዚህ ቦርዶቹ ከጊዜ በኋላ ለጌጥ የተለጠፉ አይደሉም። መምሪያው ነው በላያቸው የመጣው።

የአየሩና የውኃው ቦርዶች እያንዳንዳቸው 7 አባላት አሏቸው። የግዛቱ አገረ ገዥ ይሾማል፣ ምክር ቤቱ ያጸድቃል። ደመወዝተኛ አይደሉም። ሁሉም የራሱ ሥራ ያለው ሰው ነው፤ ጠበቃ፣ መምህር፣ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ሊሆን ይችላል። በዓመት ጥቂት ጊዜ ይሰበሰባሉ። “የዜጎች” የተባሉት የመንግሥት ሠራተኞች ስላልሆኑ ነው።

የፌዴራል ሕግም እጁ አለበት። በ1977 የተሻሻለው የንጹሕ አየር ሕግ፣ ፈቃድ የሚያጸድቅ የግዛት ቦርድ ካለ አብዛኞቹ አባላት የሕዝብን ጥቅም የሚወክሉ መሆን አለባቸው ይላል። ከሚቆጣጠሯቸው ድርጅቶች ጉልህ ገቢ የሚያገኙ መሆንም የለባቸውም። በውኃው በኩል መመሪያው ከዚህ የጠበቀ ነው። በጥቅሉ ከዓመት ገቢው 10 በመቶና ከዚያ በላይ ከባለፈቃዶች የሚያገኝ ሰው ፈቃድ በሚሰጥ አካል ውስጥ ጨርሶ መቀመጥ አይችልም። ይህን ነጥብ ያዙት፣ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

ፈቃድ እንዴት ይወጣል

ድርጅቱ ያመለክታል። የመምሪያው መሐንዲሶች ማሽኑ በዓመት ምን ያህል ናይትሮጅን ኦክሳይድ፣ ምን ያህል ደቃቅ ብናኝ እንደሚያወጣ ያሰላሉ። ደቃቅ ብናኝ የሚባለው ከሰው ፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ገደማ ያነሰ ነው። ዓይን አያየውም፣ ሳንባ ግን ያስገባዋል። ከዚያ በኮምፒውተር ሞዴል ነፋሱ ወዴት እንደሚወስደው ይታያል። ውጤቱ ከፌዴራሉ የጥራት መለኪያ በታች ከሆነ ረቂቅ ፈቃድ ይዘጋጃል። ረቂቁ ለሕዝብ ይወጣል፣ አስተያየት ይሰበሰባል፣ ይወሰናል።

ድሮም ቢሆን አብዛኛው ፈቃድ ቦርድ ፊት አይደርስም ነበር። የመምሪያው ኃላፊ በውክልና ይፈርመው ነበር። ቦርዱ ዘንድ የሚቀርበው ሰው የተከራከረበት ነው። ከ2008 ጀምሮ በሕግ የተቀመጠው መነሻ ቢያንስ 25 ሰዎች ለየራሳቸው ጥያቄ ማቅረባቸው ነበር። ስለዚህ “ቦርዱ ልማት ያዘገያል” ሲባል የሚወራው ከጠቅላላው ፈቃድ ስለ ጥቂቶቹ ነው። እነዚያ ጥቂቶቹ ግን ትልልቆቹ ናቸው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ብዙ ጊዜ የማይነሳ። የቨርጂኒያ ሕግ ቦርዱን ቁጥር ብቻ እይ አላለውም። ሥራው በሰው ጤናና ንብረት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት፣ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥቅሙን፣ ብክለቱን መቀነስ በሳይንስም በገንዘብም ይቻል እንደሆነ፣ እንዲሁም ሥራው ለተመረጠው ቦታ ተስማሚ መሆኑን መዝን ይላል። “ለቦታው ተስማሚ ነው ወይ?” ለሚለው ጥያቄ ሞዴሉ መልስ የለውም። የቦርዱ ታሪክ በአብዛኛው በዚህች ጥያቄ ዙሪያ ነው የሚሽከረከረው።

የቨርጂኒያዋን ከተማ አሌክሳንድሪያን ለሚያውቅ አንባቢ ቅርብ ምሳሌ አለ። በፖቶማክ ወንዝ ዳር በ1949 የተሠራ የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ነበር። ጭስ ማውጫዎቹ አጫጭር ነበሩ፣ ምክንያቱም የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገቡ ነው። ጭሱ ከፍ ብሎ ከመበተን ይልቅ ወርዶ በዙሪያው ባሉት ረጃጅም መኖሪያ ሕንጻዎች ላይ ያርፍ ነበር። ጉዳዩን ያነሱት መጀመሪያ ነዋሪዎች ናቸው። የአየር ቦርዱም ፈቃዱን ለሠራተኞች ሳይተው ራሱ ይዞ አየው። ወዲያው በ2008 የቦርዶቹን የፈቃድ ሥልጣን ለመውሰድ የሕግ ረቂቆች ቀረቡ። ያን ጊዜ በድርድር ተረፉ፤ የ25 ሰዎቹ መነሻ የመጣውም ከዚያ ድርድር ነው። ማመንጫው በ2012 ተዘጋ።

ዩኒየን ሂል

ቦርዱ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳየው የባኪንግሃም ካውንቲ ጉዳይ ነው።

አትላንቲክ ኮስት ፓይፕላይን የተባለ የተፈጥሮ ጋዝ ማስተላለፊያ ከዌስት ቨርጂኒያ ተነስቶ በቨርጂኒያ አልፎ ወደ ኖርዝ ካሮላይና ሊዘረጋ ታቅዶ ነበር። ጋዝ በረጅም ቱቦ ሲሄድ ግፊቱ ይደክማል። ስለዚህ በየመንገዱ የሚገፋው ጣቢያ ያስፈልጋል። ኮምፕረሰር ጣቢያ ይሉታል። የባኪንግሃሙ ከ50 ሺህ በላይ የፈረስ ጉልበት ያላቸው ተርባይኖች ይኖሩታል ተባለ። ተርባይኖቹ የሚያቃጥሉት ያንኑ ጋዝ ነው። ቀንም ሌትም ይሠራሉ።

የተመረጠው ቦታ ዩኒየን ሂል አጠገብ ነው። ዩኒየን ሂልን የመሠረቱት ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ነፃ የወጡ ጥቁሮች ናቸው። የጣቢያው መሬት ራሱ የቀድሞ የባሪያ አሳዳሪ እርሻ አካል ነበር። ዛሬም በመንደሩ ከሚኖሩት መካከል የእነዚያ ነፃ የወጡ ሰዎች ልጅ ልጆች አሉ።

ክርክሩ “እዚያ የሚኖረው ማን ነው?” በሚል ቀላል በሚመስል ጥያቄ ላይ አረፈ። ኩባንያውና መምሪያው ከሕዝብ ቆጠራ የተወሰደ መረጃ ይዘው ቀረቡ። የቆጠራው ክልል ሰፊ ስለሆነ ከጣቢያው ጎን ያለችው መንደር በውስጡ ትሟሟለች፤ ጥቁሮቹ የተለየ ብዛት የላቸውም የሚል ሥዕል ይወጣል። በሌላ በኩል አንዲት የሥነ ሰብ ባለሙያና ፈቃደኞች ቤት ለቤት እየዞሩ በር አንኳኩተው ጠየቁ። በጣቢያው አቅራቢያ ካገኟቸው ነዋሪዎች 83 በመቶው ነጭ ያልሆኑ ናቸው። አንዱ ወረቀት ከቢሮ የወጣ፣ ሌላው ከደጃፍ የመጣ። ሁለቱ አልተገናኙም።

ቦርዱ በ2018 መጨረሻ ውሳኔውን አዘገየ። በዚያው ኅዳር አገረ ገዥ ራልፍ ኖርዛም ሁለት የአየር ቦርድ አባላትን በሌሎች ተኩ። የሁለቱም የሥራ ዘመን አልቆ ስለነበር ሕጉ ይፈቅድላቸዋል። ግን የሥራ ዘመናቸው ያለቀው በዓመቱ አጋማሽ ነው፤ የተነሱት ደግሞ ድምፅ ሊሰጥ ሲቃረብ። ነዋሪው ምን ብሎ እንዳሰበ ለመገመት አያስቸግርም። ቦርዱ በ2019 ጥር 8 ቀን 4 ለ0 ፈቃዱን አጸደቀ።

ከዓመት በኋላ፣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በ2020 ጥር 7 የፌዴራሉ አራተኛ ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፈቃዱን ሻረው። ምክንያቱ ልብ ይባል። ፍርድ ቤቱ “መንደሯ የጥቁሮች ናት” ብሎ አልደመደመም። ቦርዱ ሁለት የሚጋጩ መረጃዎች ቀርበውለት የትኛውን እንደተቀበለና ለምን እንደተቀበለ አልተናገረም ነው ያለው። ተርባይኖቹ በጋዝ ፈንታ በኤሌክትሪክ ቢሠሩ የሚለውንም በወጉ አላየም ተባለ። የአካባቢ ፍትሕ ቅጽ ላይ ምልክት ተደርጎበት የሚታለፍ ሳጥን አይደለም የሚለው አነጋገርም ከዚያ ፍርድ የመጣ ነው። የአካባቢ ፍትሕ ሲባል የብክለት ሸክም ሁልጊዜ ድሃውና አናሳው ጫንቃ ላይ እንዳይወድቅ ማየት ማለት ነው።

የቦርዱ ደጋፊዎች ይህን ታሪክ የድል ታሪክ አድርገው ያወሩታል። ግማሹ ድል ነው። ግማሹ ግን ቦርዱ ራሱ ተከሳሽ ሆኖ የተረታበት ነው። መንደሯን ያዳናት ቦርዱ አይደለም፤ ቦርዱ ምክንያቱን በአደባባይ እንዲናገር መገደዱ ነው። በስብሰባው የቀረበው ሁሉ፣ ቤት ለቤት የተለቀመው 83 በመቶ ጭምር፣ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ዳኞቹ ያነበቡት ያንን መዝገብ ነው። ቱቦው ወጪው 8 ቢሊዮን ዶላር ደርሶና ክሱ ተቆልሎበት በ2020 ሐምሌ ተሰረዘ።

“እምቢ” ያለ ቦርድ

በ2020 ቨርጂኒያ የአካባቢ ፍትሕ ሕግ አወጣች። በቀጣዩ ዓመት ተመሳሳይ ጥያቄ መጣ። ማውንቴን ቫሊ ፓይፕላይን ለተባለው ሌላ የጋዝ መስመር ቅጥያ፣ በፒትስልቬኒያ ካውንቲ ላምበርት የተባለ ኮምፕረሰር ጣቢያ ሊሠራ ታሰበ። በአቅራቢያው ሌሎች የጋዝ ጣቢያዎች ቀድመው ነበሩ። ነዋሪዎቹም በብዛት ጥቁሮች ናቸው።

በ2021 ታኅሣሥ 3 ቀን የአየር ቦርዱ 6 ለ1 “አይሆንም” አለ። አዲሱን ሕግና ያችኑ “ለቦታው ተስማሚ ነው ወይ?” የምትለውን ጥያቄ ይዞ ነው። ከ11 ቀን በኋላ የውኃ ቦርዱ ለዋናው ማውንቴን ቫሊ መስመር የሚያስፈልገውን የውኃ ፈቃድ 3 ለ2 አጸደቀ። ይህን ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ቦርዶቹ ሁሉን የሚከለክሉ ቢሆኑ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

የሆነው ሆኖ ምክር ቤቱ በጥር ተሰበሰበ። የአየርና የውኃ ቦርዶችን የፈቃድ ሥልጣን ወደ መምሪያው ኃላፊ የሚያዛውር ሕግ ወጣ። አገረ ገዥ ግሌን ያንግኪን ፈረሙ። በሐምሌ 1 ሥራ ላይ ዋለ። ከታኅሣሡ ድምፅ እስከዚያ ሰባት ወር አልሞላም።

ሚኒሶታም ያው ነው

ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ሚኒሶታ ይህን ቀድማ አይታዋለች። የግዛቷ የብክለት መቆጣጠሪያ ኤጀንሲ በ1967 ሲቋቋም የዜጎች ቦርድ ነበረው። በ2014 ነሐሴ በስቲቨንስ ካውንቲ 8,850 ላሞች የሚይዝ የወተት እርባታ ጉዳይ ቀረበ። ሠራተኞቹ ሙሉ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት አያስፈልገውም ብለው ነበር። ቦርዱ ያስፈልጋል አለ። ልብ በሉ፣ አልከለከለም፤ ይጠና ነው ያለው። ኩባንያው ግን ሐሳቡን ተወ።

በ2015 ምክር ቤቱ ቦርዱን ጨርሶ አፈረሰው። አገረ ገዥ ማርክ ዴይተን ይህን የያዘውን ረቂቅ አንድ ጊዜ መልሰውት ነበር። በልዩ ጉባኤ ተደራድረው በመጨረሻ ፈረሙ። በ48 ዓመቱ ቦርዱ ጠፋ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያዩዋቸው አንድ የማይመች ነገር ይታያል። እነዚህ ቦርዶች ሥልጣናቸው የሚቆየው ብዙም እስካልተጠቀሙበት ድረስ ይመስላል። አሥርት ዓመታት የኖረ ተቋም አንድ ከባድ ውሳኔ ሲወስን በዓመት ውስጥ ክንፉ ይቆረጣል። ከሁለት ግዛቶች ሕግ አይወጣም፣ እሺ። ግን ጥንቃቄ ያለበት የቦርድ አባል ይህን ማስላቱ አይቀርም።

ተቃዋሚዎቹ ምን ይላሉ

ሥልጣኑ ይወሰድ ያሉት ሰዎች ክርክር ተራ አይደለም። ሦስት ነገር ይላሉ፣ ሦስቱም ክብደት አላቸው።

የመጀመሪያው ስለ እርግጠኝነት ነው። አንድ ድርጅት ሕጉ የጠየቀውን መለኪያ አሟልቶ፣ መሐንዲሶች ወራት ፈጅተው “ልክ ነው” ካሉት በኋላ፣ በዓመት ጥቂት ቀን የሚሰበሰቡ ሰባት ሰዎች “አልተዋጠልንም” ሊሉት አይገባም። መለኪያው ካነሰ መለኪያው ይቀየር። በየፈቃዱ አዲስ ሕግ አይጻፍ።

ሁለተኛው ስለ ዕውቀት ነው። የአንድ ፈቃድ ሰነድ በመቶዎች ገጽ ነው። የራሱ ሥራ ያለው ሰው ያንን በስንት ሌሊት ያነበዋል? ሦስተኛው ስለ ተጠያቂነት ነው። ኃላፊውን አገረ ገዥው ይሾመዋል፣ አገረ ገዥውን ሕዝብ ይመርጠዋል። የቦርድ አባል ቢሳሳት ማን ይጠይቀዋል?

የመጀመሪያው ክርክር ከሁሉ ጠንካራው ነው። ግን የቨርጂኒያን ሕግ ሳያዩ የሚነገር ነው። ሕጉ መለኪያውን ካሟላ ይፈቀድ ብሎ አላቆመም፤ ቦታውን መዝን ብሏል። ሥልጣኑ ወደ ኃላፊው ሲዞር ይህ ግዴታ አልጠፋም፣ እጅ ነው የቀየረው። ስለዚህ እርግጠኝነቱ የተገኘ የሚመስለው ጥያቄው ስለቀረ ሳይሆን መልሱ በአንድ ቢሮ ውስጥ ስለሚሰጥ ነው።

ስለ ዕውቀቱ፣ መሐንዲሱ ስንት ቶን እንደሚወጣ ከማንም በላይ ያውቃል። ያ ቶን በዚህች መንደር ላይ ቢወድቅ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ግን የምሕንድስና ጥያቄ አይደለም። እዚህ ላይ ጡረተኛው መምህር ከመሐንዲሱ ያነሰ ሚዛን የለውም። ስለ ተጠያቂነቱ ደግሞ፣ በምርጫ ቀን ስለ አንድ ኮምፕረሰር ጣቢያ ብሎ ድምፁን የሚቀይር ሰው ብዙ አይደለም። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ የሰባቱን ሰዎች ፊት እያየ የሚናገር ግን ነበር።

መካከለኛ መንገድም አለ። በሜን ግዛት የአካባቢ ጥበቃ ቦርዱ ተራውን ፈቃድ ለኃላፊው ትቶ ለግዛቱ ትርጉም ያላቸውን ትልልቅ ጉዳዮችና ይግባኞችን ያያል። ካሊፎርኒያ ደግሞ የውኃ ቦርዷን አባላት ሙሉ ጊዜያቸውን ሰጥተው እንዲሠሩ ደመወዝ ትከፍላለች። “ቦርድ ወይስ ባለሙያ?” የሚለው ክርክር እነዚህን ሁለቱን ሳይዝ ከሄደ ሳያስፈልግ ጠብ ይሆናል።

ቦርዱ የገዥው መሣሪያ ሲሆን

የቦርድ ወዳጆች ዝም ብለው የሚያልፉት አንድ ታሪክ አለ። ቨርጂኒያ የአየር ቦርዷን ፈቃድ ብትነሳውም ደንብ የማውጣት ሥልጣኑን አልነካችበትም። ፈቃድ ለአንድ ድርጅት ነው፣ ደንብ ለሁሉም ነው።

የምሥራቅ ግዛቶች ከኃይል ማመንጫዎች የሚወጣውን ካርቦን በጋራ የሚገድቡበት ማኅበር አላቸው። ኃይል አመንጪው ለሚያወጣው ካርቦን ፈቃድ በጨረታ ይገዛል፣ ጣሪያው በየጊዜው ይቀንሳል። ቨርጂኒያ የምክር ቤቱን ሕግ ይዛ በ2021 ገባች። አገረ ገዥ ያንግኪን ግን ሥልጣን በያዙበት ቀን ግዛቲቱ ትውጣ የሚል ትዕዛዝ ፈረሙ። ምክር ቤቱ ሕጉን ሊሽርላቸው አልፈቀደም። ስለዚህ መንገዱ በቦርዱ በኩል ሆነ። በ2023 ሰኔ 7 የአየር ቦርዱ ደንቡን 4 ለ3 ሻረ። በ2024 ኅዳር አንድ የግዛቱ ፍርድ ቤት በሕግ የተገባበትን ነገር ቦርዱ በደንብ ሊያወጣን አይችልም ብሎ ውሳኔውን ውድቅ አደረገው።

ያው ቦርድ ነው፤ ሰባት ሰው፣ ያው ስም፣ ያው አዳራሽ። በ2021 የላምበርትን ጣቢያ “አይሆንም” አለ፣ በ2023 የአገረ ገዥውን ፍላጎት አስፈጸመ። የተቀየሩት አባላቱ ናቸው። “ዜጋ” የሚለው ስም ብቻውን ነፃነት አይሰጥም። ነፃነቱ ያለው በሹመቱ አሠራር ላይ ነው፦ የሥራ ዘመኑ ሳያልቅ መነሳት ይቻላል ወይ? ዘመኑ ካለቀ በኋላ እስከ መቼ ይቀመጣል? ሁሉንም የሚሾመው አንድ ሰው ነው ወይ? የባኪንግሃሙ የመጨረሻ ሰዓት ለውጥ የተቻለው በዚህ በሁለተኛው ክፍተት ነው።

አሁን የቀረው

ወደ ጄኔሬተሮቹ እንመለስ። ዛሬ በሰሜን ቨርጂኒያ ለዳታ ሴንተር ጄኔሬተሮች የአየር ፈቃድ የሚሰጠው መምሪያው ነው፤ ማመልከቻዎቹን የሚያየው የሰሜን ቀጠና ቢሮው ዉድብሪጅ ይገኛል። ቦርዱ ድምፅ አይሰጥበትም። መምሪያው አከራካሪ ስለሆኑ ፈቃዶች ለቦርዱ በስብሰባ ላይ ማብራሪያ ይሰጣል። አባላቱ የመሰላቸውን መናገር ይችላሉ። ያ አስተያየት ማንንም አያስገድድም።

ቀደም ብለን ያቆየናት የገቢ ነጥብም እዚህ ትመጣለች። የንጹሕ አየር ሕግ በቦርድ አባላት ላይ የጣለው የገቢ ገደብ የሚሠራው ፈቃድ ለሚያጸድቅ ቦርድ ነው። ፈቃዱን የሚፈርመው አንድ ኃላፊ ሲሆን ያው አንቀጽ የሚጠይቀው የጥቅም ግጭት ካለ ይገለጽ ብሎ ነው። መከልከልና ማሳወቅ አንድ አይደሉም። በ2022 ስለ ቧንቧና ስለ ልማት ሲጮህ ይህ ልዩነት ብዙም ሳይወራ አለፈ።

ይህ ማለት ግን ሕዝብ በሩ ተዘጋበት ማለት አይደለም። በ2023 መጀመሪያ መምሪያው የኤሌክትሪክ መስመሩ ሲጨናነቅ ዳታ ሴንተሮች ጄኔሬተሮቻቸውን ከፈቃዳቸው ገደብ በላይ እንዲያስነሱ የሚፈቅድ ጊዜያዊ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። መጀመሪያ ሦስት አካባቢዎችን ያካተተ ነበር፣ ከዚያ ወደ ሉደን ብቻ ጠበበ። አስተያየት ሲጎርፍ በሚያዝያ ሐሳቡ ተነሳ። የቦርድ ድምፅ አላስፈለገውም።

የአስተያየት ጊዜው በአብዛኛው 30 ቀን ነው። ማስታወቂያው በመምሪያው ድረ ገጽ ላይ ይወጣል፣ በእንግሊዝኛ። አጀማመሩም አያጓጓም፦ የድርጅቱ ስም፣ የመመዝገቢያ ቁጥር፣ የጄኔሬተሮቹ ብዛት። “እንቃወማለን” ብቻ የሚል አንድ ሺህ ደብዳቤ ብዙም አይመዝንም። “በዚህ ርቀት ትምህርት ቤት አለ፣ ሞዴሉ ውስጥ አልገባም” የሚል አንድ ደብዳቤ ግን መልስ ይፈልጋል፤ አከራካሪ በሆነ ፈቃድ ላይ መምሪያው ከመወሰኑ በፊት የአስተያየቶቹን ማጠቃለያና መልሱን ማውጣት አለበት። ድርጅቱ ወይም ነዋሪው ፍርድ ቤት ከሄደ ዳኛው የሚያነበው ያችኑ መዝገብ ነው፤ የዩኒየን ሂሉ 83 በመቶም ዳኞቹ ዘንድ የደረሰው በዚያው መንገድ ነው።